የከበሮው ዋስ

«አሸነፍን!» አለኝ አለቃዬ አቶ ቢያዝን በስልክ።

ቡሬ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ባጃጅ እግሬን ሊበላኝ ለጥቂት ነው የሳተኝ፤ ነጂው ይቅርታ በማለት ፈንታ ጥሩምባውን ነፋብኝ። «ምኑን ነው ያሸነፍነው?» አልኩ።

«ሽልማቱን ነዋ፣ ሕሊና! የሙዚየሞችና የአብያተ መንግሥታት የትብብር ሽልማት! ስንት ትልልቅ ሙዚየም እያለ፣ ስንት ግንብ ያለው አገር እያለ፣ የእኛዋ ፍኖተ ሰላም! ቆይ ምክንያቱን ላንብብልሽ። ‹የጉልት አምባ ሚካኤልን ጥንታዊ የብር ከበሮ ለእኅት ሙዚየም በቅን ልብ በማዋስ ላሳዩት አርአያነት› ይላል።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት። ቡሬ የሄድኩት እኮ ያንኑ ከበሮ የሚመልስልኝ መኪና ልለምን ነው! አይሱዙ ያለው አንድ ዘመዳችን በቆሎ አራግፎ በባዶው ሲመለስ ከበሮውን ጭኖ እንዲያመጣልኝ ስለማመጠው ነው ያረፈድኩት። እሱም «በዚህ ሰሞን መንገዱ አይታመንም፣ እስቲ እናያለን» ብሎኛል። እናያለን ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

«አቶ ቢያዝን» አልኩ፣ «ያዋስነው ዕቃ አልተመለሰም እኮ።»

«እሱማ ነው ያሸለመን!» አለ እየሳቀ።

ሰው ሲሸለም ደስ ይለዋል ይባላል። እኔን አበሸቀኝ። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነገሩን ከሥሩ መናገር አለብኝ።

ጉልት አምባ ሚካኤል ከማንኩሳ በጠጠር መንገድ ወርደው የሚያገኙት ደብር ነው፤ የተወለድኩበት። ከበሮውን የሰጡት ድሮ እዚያ ግቢ የነበራቸው አንድ ደጃዝማች ናቸው። ግቢያቸው ፈርሶ ድንጋዩ የገበሬ አጥር ሆኗል፤ ከበሮው ግን አለ። ወገቡ በብር የተለበጠ ነው፤ ሲመታ ወንዝ ማዶ የሚያርስ ሰው ሞፈሩን ለቆ ያማትባል። በዙሪያው ያሉት ደብሮች ሁሉ ለየንግሣቸው ይዋሱታል። ጉልት አምባም በተራው ካንዱ ምንጣፍ፣ ከሌላው ጥላ ይዋሳል። አገሩ እንዲህ ሲዋዋስ ነው የኖረው፤ ማንም ዋንጫ ሰጥቶት አያውቅም።

ለዚህ መዋዋስ ሥርዓት አለው። ዕቃ የሚወጣው በሰው አንገት ነው። አንድ ሰው በምእመኑ ፊት ተነሥቶ «ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ያ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አይገባም። ከበሩ ውጭ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እዚያ ሆኖ ነው የሚያስቀድሰው። የሚገባው የሚወጣው ሁሉ እንዲያየው፣ ዕቃውን የወሰደውም እንዲያፍር ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ ያንድ ንግሥ ጉዳይ ነው፤ ዕቃው በማግስቱ ይመለሳል፣ ዋሱም ተመርቆ ይገባል። ድንጋዩ ላይ ክረምት የከረመ ሰው ታይቶ አይታወቅም ነበር፣ አክስቴ እስክትከርምበት ድረስ።

ባለግንቦቹ ናቸው ይህን ያመጡብን። ባለግንቦቹ የምላቸው፣ ራቅ ካለ ከተማ፣ በድሮ ቤተ መንግሥት ውስጥ ሙዚየም ያላቸውን ሰዎች ነው። ለግንቦት ዐውደ ርዕይ ከበሮውን አውሱን አሉ። አቶ ቢያዝን የሙዚየማችን ኃላፊ ነው፤ ደስ ብሎት ለእኔ መራው። ሙዚየም ስል ደግሞ አንድ አዳራሽ ናት፤ ጣሪያዋ ያፈስሳል፣ የቅርስ ባለሙያዋም ባልዲ አስቀማጯም እኔ ነኝ። ጉልት አምባ ሄጄ ከቅዳሴ በኋላ በምእመኑ ፊት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ለመንኳቸው።

«ለመሥሪያ ቤት አናውስም ልጄ» አሉኝ። «መሥሪያ ቤት አንገት የለውም። ሰው ጥሪ።»

አፌን ሳልከፍት አክስቴ እትዬ እታለም ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። «ለሕሊና ሥራማ እኔ አለሁ» አለች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። በጉልት አምባ እልልታ የምታስጀምረውም እሷ ናት፤ በኅዳር ሚካኤል የእሷ እልልታ ካልተሰማ ታቦቱ የወጣ አይመስልም። «ለአንድ ወር ብቻ ነው እትዬ» አልኳት። ባለግንቦቹ እንደዚያ ብለውኝ ነበራ!

ግንቦት አለቀ። ሰኔ ላይ «መኪና የለም» አሉ። መኪና ሲገኝ መንገድ ተዘጋ። መንገድ ሲከፈት «እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ትንሽ ይቆይልን» አሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። እኔ በስልክ ስጮህ እነሱ በትሕትና ያዳምጡኛል፤ መጨረሻ ላይ «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይሉኛል። እትዬ እታለም ፍልሰታን በዝናብ፣ ያንን ጥቁር ድንጋይ ተደግፋ፣ የማዳበሪያ ከረጢት ተከናንባ አስቀደሰች። ጉልበቷ አበጠ። መስቀልንም እንደዚያው። ማንም ውጭ ቁሚ አላላትም፤ ማንም ደግሞ ግቢ ሊላት አይችልም፤ የሰጠችው ቃሏ ነው። አሁን ኅዳር ሚካኤል ደርሷል። ቢያንስ ለሚካኤል እንኳ ከቅጥሩ ገብታ እልል እንድትል ነበር የእኔ ልፋት ሁሉ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ አቶ ቢያዝን ቢሮውን ያስጠርጋል። ለዋንጫው መደርደሪያ እያስለቀቀ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር።

«ከበሮውን ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ይመልሱልን ይበሏቸው» አልኩ።

«እንዴት ይሆናል? ከበሮው እኮ መድረኩ ላይ ነው የሚቀመጠው! የተሸለምንበትን ዕቃ ነጥቀን ልንሸለም? ትብብር እኮ ነው የሚባለው፣ ሕሊና።»

«ሥነ ሥርዓቱኮ የሚካኤል ሰሞን ነው።»

«እንዲያውም ጥሩ! ለጉዞው መኪና ተፈቅዶልናል፤ በዚያው ጭነነው እንመለሳለን። ቃሌ ነው።»

«ዋስ ይጥሩ» አልኩ። ሳቀ፤ የቀለድኩ መስሎታል።

እሑድ ጉልት አምባ ወረድኩ። እትዬ እታለም ከቦታዋ፣ ከድንጋዩ ላይ ናት። መሸለማችንን ነገርኳት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ምን ሰጧችሁ?»

«ግንብ የመሰለ ዋንጫ ሊሰጡን ነው አሉ። ከመስተዋት የተሠራ።»

«ይመታል?»

«አይመታም እትዬ።»

«ዛዲያ ለሚካኤል ምን ይረባናል?» አለች። ተንኮል የለባትም፤ ለማወቅ ያህል ነው የጠየቀችው።

«ተነሺ፣ እኔ ልተካሽ» አልኳት። ከውስጥ የወጡት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ሰሙኝ።

«ከበሮው እጅሽ ላይ ነው?» አሉ።

«አይደለም መሪጌታ።»

«እንግዲያ አንገት አይለወጥም። ዋስ የሚፈታ ወይ ዕቃው ሲመለስ ነው፣ ወይ ዕቃውን የያዘው ሰው ራሱ በጉባኤ ፊት ‹ዋሱ እኔ ነኝ› ሲል ነው። ያን ጊዜ የፊተኛዋ ትገባለች፣ እሱም መጥቶ ድንጋዩን ይረከባል።» መቋሚያቸውን ተደገፉ። «ከግንቡ አንድ ትልቅ ሰው ደውለውልኝ ነበር። ‹ከበሮው እስከ ከርሞ እኛ ጋ ቢቆይስ?› አሉኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«‹እናንተ ካላችሁ እኛ ምን እንላለን› አልኳቸዋ።»

ክው አልኩ። በእኛ አገር ይህ አይሆንም ማለት ነው። ያውም የመጨረሻው አይሆንም፤ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ዱላ ማንሣት ብቻ ነው። ባለግንቦቹ ምን ብለው እንደሰሙት ማሰብ አልፈለግሁም።

ሥነ ሥርዓቱ በባለግንቦቹ አዳራሽ፣ እንደ ሥነ ሥርዓት ሁሉ ዘግይቶ ተጀመረ። ማይኩ «ሃሎ ሃሎ» ሲባል ያፏጫል፤ የተናገረ ሁሉ ስለ ትብብር ተናገረ። ከበሮው መድረኩ ላይ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆሟል፤ ፊቱ ላይ «አይንኩ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ለመመታት የተሠራን ነገር አይንኩ! አጠገቡ ሄጄ አየሁት። አንዱ ጠፍር ላልቷል፤ ብሩ ግን ወልውለውት ያብለጨልጫል። ፎቶ የሚያነሣው ብሩን ነዋ፣ ጠፍሩን ማን ያየዋል።

የባለግንቦቹ ዳይሬክተር ዶክተር ትዕዛዙ ይባላሉ። ረዥም፣ ሽክ ያሉ፣ ድምፃቸው ለዜና የተፈጠረ ሰው ናቸው። ዋንጫውን ለአቶ ቢያዝን አስረክበው ሲያበቁ ማይኩን አልለቀቁም።

«አሁን ደግሞ ደስ የሚል ዜና!» አሉ። «ትብብራችን በዚህ አያበቃም። የደብሩ አባቶች በስልክ ስለፈቀዱልን ከበሮው እስከ ከርሞ እኛው ጋ ይቆያል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ቢያዝንም ዋንጫውን ብብቱ ሥር ወሽቆ አጨበጨበ። ጎጃም ተወልዶ፣ ጎጃም አድጎ!

«ምን ብለው እንደፈቀዱ ያውቃሉ?» አልኩት፣ እጅጌውን ጎትቼ። «‹እናንተ ካላችሁ እኛ ምን እንላለን› ነው ያሉት!»

ፊቱ ተለዋወጠ። ገብቶታል። «ታዲያ ምን ላድርግ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ላሳፍራቸው?»

ቃሌ ነው ያለው ሰውዬ ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤበት አላደረግሁትም። ተነሥቼ መድረክ ላይ ወጣሁና ማይኩን እንዲሰጡኝ እጄን ዘረጋሁ። ምስጋና ላቀርብ መስሏቸው በፈገግታ ሰጡኝ።

«ይቆይ» አልኩ። «ግን እኛ አገር ዕቃ ያለ ዋስ አይቆይም።» ስለ ድንጋዩ ነገርኳቸው። ስለ ፍልሰታው ዝናብ፣ ስለ ማዳበሪያ ከረጢቱ፣ ስለ አክስቴ ጉልበት ነገርኳቸው። «አክስቴ ደክሟታል። ከዛሬ ጀምሮ ከበሮውን የያዘው ሰው ራሱ ዋስ ይሁን። ማን ነው?»

አንዳንዱ የታሸገ ውሃውን ክዳን ማዞር ጀመረ። ዶክተር ትዕዛዙ ግን የሰው ዓይን ሲያርፍባቸው ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ናቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«እንዴት ያለ ድንቅ ባህል ነው!» አሉ። «ዋሱ እኔ ነኝ!»

ጭብጨባው ከሁሉም የበለጠ ሆነ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።

«በጉባኤ ፊት ብለዋል» አልኩ። «እንግዲህ ኅዳር ሚካኤል ጉልት አምባ ይጠብቁዎታል።»

«በታላቅ ደስታ!» አሉ። የክብር እንግዳ ሆነው የተጠሩ መስሏቸዋል። አንድም አልደበቅኳቸውም፤ ሁሉን በማይክ ነግሬያቸዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ምን ላድርግ። ስንመለስ ከበሮው በሚጫንበት ቦታ ዋንጫው በቀበቶ ታስሮ ተቀመጠ። አቶ ቢያዝን መንገዱን ሙሉ «ቀስ ብለህ ንዳ፣ እንዳይሰበር» ይለው ነበር ሾፌሩን።

የኅዳር ሚካኤል ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነጭ የለበሰው ሰው በጤፉ ማሳ መሀል በየመንገዱ ይጎርፋል። ማንኩሳ ያደሩት ዶክተር ትዕዛዙ ከአቶ ቢያዝንና ከፎቶ አንሺያቸው ጋር ደረሱ። ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸው ፊት ያሳያል። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከማኅሌቱ ወጥተው ተቀበሏቸው። ጎንበስ ብለው እጅ ነሧቸው፤ ክንዳቸውን ይዘው ወደ በሩ አመጧቸው። ዶክተሩ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሊያነሡ ሲሉ በቀስታ ወደ ጎን አዞሯቸው።

«ቦታዎ ይኸ ነው ጌታዬ» አሉ፣ ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉላቸው። «ዋሳችን ነዎት፤ እግዜር ያክብርልን።»

ዶክተሩ ሳቁ። አብሯቸው የሳቀ የለም።

«እስከ መቼ ነው?» አሉ፣ ሳቃቸው እያነሰ።

«ከበሮው እስኪመለስ ነዋ። እስከ ከርሞ ብለው የለ?» አሉ መሪጌታ፣ እንዲሁ በትሕትና።

ከዚያ ወደ እትዬ እታለም ዞረው መረቋት። የሰፈሩ ሴቶች ክንድና ክንዷን ያዟት። የበሩን መድረክ ተሳልማ፣ ያን ያበጠ ጉልበቷን እየጎተተች ገባች። ከኋላዋ ሆኜ አለቀስኩ። ከግንቦት ወዲህ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደልኝ። ያንን የመስተዋት ግንብ እንኳ ለጊዜው ይቅር አልኩት።

ማኅሌቱ ሊያበቃ ነው። ትንሹ ከበሮ አቅሙን ያህል ድብ ድብ ይላል። እልልታው ከሚገባበት ደረሰ፤ ሴቶቹ ሁሉ ወደ እትዬ እታለም ዞሩ። እሷ ግን ወደ በሩ ዞራለች። በበሩ በኩል ዶክተር ትዕዛዙ ይታያሉ። ፎቶ አንሺያቸው ገብቷል፤ አቶ ቢያዝንም ገብቷል፣ አለማፈሩ! እሳቸው ብቻቸውን ድንጋዩ አጠገብ ቆመዋል። እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸዋል። ያለፈው ሁሉ ዞር ብሎ ያያቸዋል።

«እትዬ፣ እልል በይ እንጂ» አልኳት።

«መጣሁ» አለችኝና በሰው መሀል እየተሹለከለከች ወጣች።

እየሮጥኩ ተከተልኳት። ከጉያዋ ያንኑ የማዳበሪያ ከረጢት አውጥታ ድንጋዩ ላይ ታነጥፍላቸዋለች። «ይቀዘቅዛል» ትላቸዋለች። «እንዲሁ ከተቀመጡበት ወገብ ይይዛል። ቅጥሩንም በዚህ በኩል ይደገፉ፤ ቅዳሴው ደህና አርጎ የሚሰማ ከዚህ ነው።» ነጠላዋን አጣፋችና አጠገባቸው ቆመች።

«እትዬ!» አልኩ፣ ጮኼ ማለት ይቻላል። «ምን ነካሽ? ተፈትተሻል እኮ! ይህን ሁሉ ወር የተቃጠልኩት ለዚች ቀን ነው! ግቢ!»

«እገባለሁ» አለች። «ሰው ብቻውን አቁሜ ነው የምገባ? እዚህ ብቻን መቆምን እኮ የማውቀው እኔ ነኝ።»

እንግዲህ እንዲህ ላለች ሴት ምን ይባላል? ንዴቴና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ። ውስጥ ቅዳሴው ተጀመረ። ዶክተሩ እሷን አዩ፤ ጉልበቷን አዩ፤ ከዚያ የተነጠፈላቸውን ከረጢት አዩ። ለካሜራ ያዘጋጁት ፈገግታ ከፊታቸው ወረደ።

«እማማ፣ ክረምቱን ሁሉ እዚህ ነበሩ?» አሉ።

በማይክ ነግሬያቸው ነበር እኮ! በማይክ!

«የት ልሂድ ዛዲያ» አለች እትዬ እታለም።

ዶክተሩ ስልካቸውን አወጡ። ኔትወርኩ እንቢ ሲላቸው በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማቸው ድንጋዩ ላይ ወጥተው ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ሰቀሉ። ሲይዝላቸው ድምፃቸው ቅጥሩን አልፎ ተሰማ።

«ሃሎ! ከበሮውን ከሣጥኑ አውጡት! አሁን፣ ዛሬውኑ! የምን ዐውደ ርዕይ ነው፣ ጫኑት ነው የምልህ!»

እትዬ እታለም የኮታቸውን ጫፍ ሳብ አደረገቻቸው።

«ቀስ በል ልጄ» አለች፣ «ቅዳሴ ነው።»